የሸክላ ሠሪዋ ውርስ

ሰው ከወላጆቹ የሚወርሰው ሀብት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በእጅ የሚያዝ ሀብት ነው፤ ይኸውም መሬት፣ ከብት፣ ቤትና ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ስም ነው፤ ይኸውም የእገሌ ልጅ፣ የእገሊት ልጅ መባል ነው። ሦስተኛው ግን በእጅ የሚያዝ ሳይሆን በእጅ ውስጥ የሚያድር ሀብት ነው፤ እርሱም ሙያ ነው። የፊተኛውን ሀብት ወንድማማቾች በሽማግሌና በዳኛ ፊት ይካፈሉታል። ሁለተኛውን የልጅ ክፉ ጠባይ ያጎድፈዋል። ሦስተኛውን ግን ዳኛ አያካፍለውም፤ ሌባ አይሰርቀውም፤ አበዳሪም በዕዳ አይዘውም። ዳሩ ግን ከሦስቱ ሁሉ ፈጥኖ የሚጠፋው እርሱ ነው። መሬት ወራሽ ቢያጣ መሬትነቱ አይቀርም፤ ሙያ ግን አንድ ትውልድ ብቻ ሳይቀበለው የቀረ እንደ ሆነ ከባለሙያው ጋር መቃብር ይወርዳል።

በዚህ ጽሑፍ የምናገረው ስለዚሁ ስለ ሦስተኛው ሀብት ነው፤ ለምሳሌም የማቀርበው ሸክላን ነው። ሸክላን የመረጥሁበት ምክንያት፣ በአገራችን ከእናት ወደ ሴት ልጅ ሲተላለፉ ከኖሩት ሙያዎች መካከል ሁሉን ሰው እንደ እርሱ የጠቀመ፣ እንደ እርሱም የተናቀ ጥቂት በመሆኑ ነው። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ልጅ የእናቷን ሙያ ተቀብላ የመያዝ ግዴታ አለባትን? ሙያተኛይቱን ሲንቅ የኖረ ሕዝብስ፣ ሙያዋ ሊጠፋ ነው ብሎ የማዘን መብት አለውን?

ነገሩን በአሳብ ብቻ እንዳናየው ወደ አንድ አገር እንሂድ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል፤ ከዚያም መንገዱን ሲቀጥል የአምባሰልን ተራሮች እያየ ውጫሌ ይገባል። ይህ አገር በታሪክ የታወቀ ነው። በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተደረገው ውል የተጠራው በውጫሌ ስም ነው፤ የነገሥታት ልጆች በግዞት የኖሩበት የግሸን አምባ በዚሁ አገር ነው፤ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱም ስሙን ያገኘው ከአምባሰል ነው። ነገር ግን በገበያ ቀን ከአንድ ጥግ ላይ እንስራውን፣ ገንቦውን፣ ምጣዱን፣ ድስቱን፣ ጀበናውንና የዕጣን ማጨሻውን ደርድረው የሚቀመጡትን ሴቶች ስማቸውን የጻፈላቸው የለም።

የእነርሱ እጅ ያልገባበት ቤት ግን የትኛው ነው? የአምባሰል ገበሬ ጤፉን ዘርቶ፣ አርሞ፣ አጭዶ፣ ወቅቶ ቢያስገባ፣ ምጣድ ከሌለ እንጀራ የለውም። ሙሽራ ጎጆ ስትወጣ አስቀድሞ የሚታሰብላት ምጣድና ድስት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤቱን ጠርቶ ቡና ሲያፈላና ምርቃት ሲቀበል፣ በመካከላቸው ተቀምጦ የሚታየው ያው ከጭቃ የተሠራው ጀበና ነው። ሰርጉ ከጋን ነው፤ ተዝካሩም ከጋን ነው። እንግዲህ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ እስከ ሞቱ ድረስ የሸክላ ሠሪይቱ ባለዕዳ ሆኖ ይኖራል ብንል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ይህች ሴት የምታውቀው ነገር ምን እንደ ሆነ እንመርምር። «ጭቃ ማድቦልቦል ምን ዕውቀት ይጠይቃል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። እንዲህ የሚል ሰው ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሞክሮ አያውቅም። አፈር ሁሉ ሸክላ አይሆንም፤ ሸክላ ሠሪዋ በዓይኗ አይታ በጣቷ አሽታ ትለየዋለች። ቆፍራ ታመጣዋለች፤ ታደርቀዋለች፤ ትወቅጠዋለች፤ ትነፋዋለች፤ በውሃ ነክራ እንደ ሊጥ ታሸዋለች። ምጣድ ዕለት ዕለት እሳት ይመታዋልና እንዳይሰነጠቅ ሆኖ መሠራት አለበት። እንስራ ደግሞ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ በገላው ያልበዋል፤ ላቡም ሲደርቅ በውስጡ ያለው ውሃ ቀዝቃዛ እንደ ሆነ ይቆያል። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ጭቃና በአንድ ዓይነት ውፍረት የሚሠራ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል።

በሌላ አገር ሸክላ የሚሠራበት የሚሽከረከር መንኮራኩር አለ። የእኛዋ ሸክላ ሠሪ ግን ጭቃውን የምታቆመው በእጇ ብቻ ነው፤ ዕቃው ትልቅ የሆነ እንደ ሆነ እርሷ ራሷ በዙሪያው ትዞራለች። ያለ ልክ ማውጫ እንስራው ክብ ይሆናል፤ ያለ ሚዛን ከንፈሩና ሆዱ ይመጣጠናል። የውፍረቱ ልክ ያለው በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ነው። ከዚያ በለስላሳ ጠጠር አሽታ ታለሰልሰውና ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ጥላ ታስይዘዋለች። ችኩል ሰው በዚህ ላይ ይወድቃል፤ በጭቃው ውስጥ የቀረ ጥቂት እርጥበት እሳት ሲነካው እንፋሎት ሆኖ ዕቃውን ያፈነዳዋልና። በመጨረሻ ኩበትና ጭራሮ ከምራ ትተኩሰዋለች። የእሳቱን ኃይል የሚነግራት መሣሪያ የላትም፤ ከፍሙ ቀለም ትረዳዋለች። ሲወጣ በጣቷ ታንኳኳዋለች፤ ደኅና የተተኮሰው ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። ገዢም ገበያ ላይ የሚያንኳኳው ይህንኑ ለመስማት ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ነው፤ በትምህርት ቤት ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከሚባሉት ዕውቀቶች ጋር አንድ ዘር ነው። ልዩነቱ፣ የትምህርት ቤቱ ዕውቀት በመጽሐፍ ተጽፎ መገኘቱና ይህኛው በመዳፍ ውስጥ መቀመጡ ነው። ልጂቱ የምትማረው በቃል አይደለም። በመጀመሪያ ከእናቷ እግር ሥር ተቀምጣ ከተረፈው ጭቃ መጫወቻ ድስት ትሠራለች። ቀጥላ ውሃ ትቀዳለች፤ አፈር ትነፋለች። ከብዙ ዘመን በኋላ እናቷ እጇን በእጇ ላይ አድርጋ «ቀጠነ»፣ «ወፈረ» ትላታለች። አንድ ቀን እናቲቱ ምንም ሳትናገር ትቀራለች፤ ያን ቀን ውርሱ ተላለፈ ማለት ነው።

በዚህ ሙያ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። በብዙ ስፍራ ሸክላ ሠሪዎች የተሰበረውን አሮጌ ሸክላ አይጥሉትም። ገሉን ይሰበስቡና ፈጭተው ከአዲሱ ጭቃ ጋር ያሹታል። ምክንያቱም አንድ ጊዜ በእሳት ያለፈ ገል ዳግመኛ እሳት አያስደነግጠውም፤ በአዲሱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ከመጠን በላይ እንዳይጨማደድ፣ ሲተኮስም እንዳይሰነጠቅ ያደርገዋል። እንግዲህ የእናት ድስት ሲሰበር በልጅ ድስት ውስጥ ይገባል፤ የልጅም ሲሰበር በልጅ ልጅ ውስጥ ይገባል። ውርስ ማለት እንዲህ ያለ ነገር ይመስለኛል። የቀድሞዎቹን ዕቃ ሳይነኩ በሣጥን ማስቀመጥ ውርስ አይደለም፤ የቀድሞዎቹን ድካም አድቅቆ ከራስ ሥራ ጋር ማሸትና፣ አዲሱ ሥራ እሳት እንዲችል ማድረግ ነው እንጂ።

ሐይቅን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ባሕር ውስጥ የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞአ ከደብረ ዳሞ ተምረው መጥተው፣ በዚህ ስፍራ መጻሕፍት አስጽፈው ደቀ መዛሙርት አስተማሩ። ከእርሳቸውም ከተማሩት መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይገኛሉ። በ1273 ዓ.ም. አካባቢ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። ይህ ታላቅ ውርስ ነው። መምህሩ ከነመምህሩ፣ ደቀ መዝሙሩ ከነደቀ መዝሙሩ በስሙ ይታወቃል፤ ብራናው ይመሰክራልና።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ ከዚያው ባሕር ዳርቻ ያለች ሴት ወደ ገዳሙ እንዳትገባ ሥርዓት ይከለክላታል፤ ፊደልም ለብዙ ዘመን አልደረሳትም። ስለዚህ በዚያ አገር ሁለት ትምህርት ቤቶች ነበሩ ማለት ይቻላል። አንዱ በብራና ላይ ሲጽፍ ሁለተኛው በጭቃ ላይ ይጽፍ ነበር። በአንዱ መምህር ለደቀ መዝሙር፣ በሁለተኛው እናት ለልጅ ያስተምሩ ነበር። የፊተኛው የመምህራኑን ስም ጠበቀ፤ የኋለኛው አንዲት ስም እንኳ አልጠበቀም። ነገር ግን ያ ጸሐፊ ምሽት ላይ ውሃ የጠጣው ከማን ዕቃ ነው? ይህን የምለው የብራናውን ክብር ለመቀነስ አይደለም። ስም ስላልተጻፈ ብቻ ዕውቀት አልነበረም ብለን እንዳንፈርድ ለማሳሰብ ነው። የአምባሰልን ቅኝት መጀመሪያ የቃኘው ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም፤ ዜማው ግን ከጆሮ ወደ ጆሮ ተላልፎ እንደ ማሪቱ ለገሠ ካሉ የወሎ ድምፃውያን አንደበት ደርሷል። እኛም እንሰማዋለን፤ ብዙ ጊዜም እናለቅስበታለን።

አሁን ወደሚያሳዝነው ነገር እንምጣ። በአገራችን በብዙ ስፍራ አንጥረኛው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪይቱ የእጃቸው ሥራ ተወድዶ እነርሱ ራሳቸው ተጠልተው ኖረዋል። «ቡዳ» ተብለው ተፈርተዋል፤ በጋብቻ ተለይተዋል፤ በብዙ ቦታም የእርሻ መሬት ባለቤት እንዳይሆኑ ተከልክለው ነበር። በጎንደር አጠገብ በወለቃ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራቸው ስመ ጥር ሲሆኑ፣ ይኸው ሙያቸው የስድባቸው ምክንያት ሆኖ ኖሯል። አብዛኛው ወገናቸው በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሲሄድ አፈሩ በቦታው ቀረ፤ እጁ ግን ሄደ። የሸክላ ሀብት ያለው በአፈሩ ውስጥ ሳይሆን በሰውዬዋ ውስጥ እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ይህ ንቀት ጉዳት እንዳለው የተረዳው የዛሬ ሰው ብቻ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ሠራተኛን በሙያው ስም መስደብን ከልክለዋል፤ ብልኅ ሠራተኛ በስድብ ምክንያት ሥራውን ቢተው አገር ባዶዋን እንደምትቀርም አስጠንቅቀዋል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ለገጠር ሰው ሁሉ የመሬት መብት ሰጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ25ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል እንደ ሆነ፣ በትውልዱም ሊለይ እንደማይገባው ደነገገ። አዋጅ ግን በአደባባይ የሚነገረውን ስድብ ይከለክል ይሆናል እንጂ በልብ ውስጥ ያለውን አይከለክልም። ከመጀመሪያው አዋጅ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስለ ሸክላ ሠሪ ልጅ ጋብቻ ሲነሣ ግን ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሽማግሌ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

እስቲ ይህን «ቡዳ» የሚባለውን ነገር በአእምሮ እንመዝነው። ሸክላ ሠሪይቱ በዓይኗ ሰውን የመብላት ኃይል ቢኖራት ኖሮ፣ ስለ ምን በፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጥቂት ብር ለማግኘት ስትከራከር ትውላለች? የሚፈራት ሰው ሁሉ ሀብቱን አምጥቶ በፊቷ በጣለ ነበር። ደግሞስ ክፋት ያለባት ብትሆን፣ በየቀኑ እንጀራችንን የምንጋግርበትን ምጣድ ከእጇ ስንገዛ እንዴት አልፈራንም? ዕቃዋን ያለ ፍርሃት እንገዛለን፤ ከዕቃዋ ያለ ፍርሃት እንበላለን፤ ከእርሷ ጋር ግን አንበላም። ይህ የፍርሃት ሥራ አይደለም፤ የትዕቢት ሥራ ነው። ትዕቢት ብቻውን ሲቆም ስለሚያፍር የፍርሃትን ልብስ ይለብሳል።

በሃይማኖት በኩል ብናየው ነገሩ ይብስብናል። የኦሪት መጽሐፍ ሰው ከምድር አፈር እንደ ተበጀ ይነግረናል፤ ነቢዩ ኤርምያስም የእግዚአብሔርን ነገር ይማር ዘንድ የተላከው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ነው። ቁርኣንም ሰው ከጭቃ እንደ ተፈጠረ ያስተምራል፤ ያን ጭቃም ከሸክላ ጋር ያመሳስለዋል። በሐይቅና በአምባሰል ጎን ለጎን የሚኖሩት ሁለቱ ሃይማኖቶች በብዙ ነገር ይለያዩ ይሆናል፤ በዚህ ነገር ግን አንድ ናቸው። ፈጣሪ ራሱን በሸክላ ሠሪ ሊመስል ካላፈረ፣ እኛ ከጭቃ የተሠራነው በሸክላ ሠሪ የምናፍርበት ምክንያት ከየት መጣ?

ሌሎች ሕዝቦች በዚህ ነገር ምን እንዳደረጉ ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮና በአሪዞና አገር፣ ፑዌብሎ የሚባሉ የጥንት ነባር ሕዝቦች አሉ። የእነርሱም ሴቶች እንደ እኛዎቹ ያለ መንኮራኩር በእጃቸው ሸክላ ይሠራሉ፤ በከብት እበትም ይተኩሳሉ። አኮማ በሚባለው መንደር ሸክላ ሠሪዎች የአያቶቻቸውን ገል ፈጭተው ከአዲሱ ጭቃ ጋር ያሹታል። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተያዩ አንድ ጥበብ ላይ መድረሳቸው ያስደንቃል።

ከእነዚህ ሕዝቦች መካከል ናምፔዮ የተባለች ሴት ከፈረሰ ጥንታዊ መንደር የተገኘውን ገል ተመልክታ፣ ተረስቶ የነበረውን የአያቶቿን ሥዕል በአዲስ ሸክላ ላይ አስነሣች። በእርጅናዋ ዓይኗ ሲደክም ዕቃውን በመዳሰስ ትሠራው ነበር፤ ሴት ልጆቿ ሥዕሉን ይሥሉላት ነበር። ከሳን ኢልዴፎንሶ መንደር ደግሞ ማሪያ ማርቲኔዝ የተባለች ሴት ከባሏ ከጁሊያን ጋር ሆና፣ እሳቱን በእበት በማፈን ጥቁርና አንጸባራቂ ሸክላ ሠራች። ይህች ሴት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ስትሞት ስሟ በዓለም ታውቆ፣ ልጆቿና የልጅ ልጆቿም ሙያውን ይዘው ነበር። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሕዝቦች መከራ ያላየባቸው ሕዝቦች አይደሉም። ብዙ ልጆቻቸው ከወላጆቻቸው ተወስደው ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ በሚከለክል ትምህርት ቤት እንዲያድሩ ተደርገዋል። የውጭ ሰው ሲንቃቸው ግን በመንደራቸው ውስጥ የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆን ክብር እንጂ ነውር አልነበረም። ውርሱም ያልተቋረጠው ስለዚህ ይመስለኛል።

በአህጉራችንም ምሳሌ አለ። ናይጄሪያ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከአክስቷ ሙያውን የተማረችውን ላዲ ክዋሊ የተባለችውን ሸክላ ሠሪ በ20 ናይራ ገንዘቧ ላይ ሥላታለች። በቱኒዚያ ሰጅናን በተባለው ስፍራ ያሉ ሴቶች የሸክላ ሙያ ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አንድ አገር ሸክላ ሠሪዋን በገንዘቡ ላይ ሲሥል፣ ሌላው አገር ከገበታው ሲያርቃት፣ የሁለቱ አፈር አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱ ሕሊና ግን አንድ አይደለም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ዘመኑ አልፎበታልና ይለፍ፤ እንስራን ጀሪካን ተክቶታል፤ የሸክላ ድስትን ብረት ድስት ተክቶታል፤ ምጣዱም በኤሌክትሪክ ሆኗል» ይል ይሆናል። ይህ አነጋገር ግማሽ እውነት አለበት። ከሩቅ ምንጭ እንስራ አዝላ ዳገት የምትወጣ ልጅ ጀሪካኑን ብታመሰግን አልፈርድባትም፤ ቀላል ነው፤ ቢወድቅም አይሰበርም። ማንም ሰው ለሌላው ቅርስ ሲባል ጀርባው ሊጎብጥ አይገባም። ዳሩ ግን ያረጀን ነገር በፈቃድ መተውና የተናቀን ነገር በኀፍረት መጣል አንድ አይደሉም። የፊተኛው ሰው የሚተወውን ያውቃል፤ የሚጠቅመውን መርጦ ያስቀራል። የኋለኛው ግን ሳያይ ይጥላል፤ ከዚያም በኋላ የእናቱን ጀበና የሚመስል ከሌላ አገር የመጣ ዕቃ በውድ ዋጋ ይገዛል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። የሸክላ ሠሪ ልጅ በሐይቅ ወይም በውጫሌ ትምህርት ቤት ገብታ እንደምትማር እናስብ። እናቷ በምጣድ ሽያጭ ደብተር ገዝታላታለች። አንድ ቀን ጓደኞቿ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ብለው ጠየቋት። ልጂቱ ጥቂት አሰበችና «ነጋዴ ናት» አለች። ይህ ፈጽሞ ውሸት አይደለም፤ እናቲቱ ገበያ ትውላለችና። ሆኖም ልጂቱ የዋሸችውን ያህል ታፍራለች፤ ማታ እናቷ ፊት ስትቀመጥም ዓይኗን ትሰብራለች። በደለኛው ማን ነው? እኔ በልጂቱ ላይ አልፈርድም። ያን ቃል በአፏ ያስቀመጥነው እኛ ነን። እናቲቱም ብትሰማ «አንቺ ተማሪልኝ፤ ጭቃው እኔ ላይ ይብቃ» ብላ ትመርቃት ይሆናል እንጂ አትቆጣትም። እናት ለልጇ የምትመኝላት ሙያውን ሳይሆን ክብርን ነው፤ በሙያው ውስጥ ክብር ስለ ታጣ ነው ሁለቱ የተለያዩት።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ልጅ የእናቷን ሙያ መተዳደሪያ አድርጋ የመያዝ ግዴታ የለባትም። ከሌላ ሥራ በር ተዘግቶባት በአንድ ሙያ ብቻ እንድትኖር የተገደደች ሴት፣ ሙያዋ ለእርሷ ውርስ ብቻ ሳይሆን እስር ቤትም ነበር፤ ልጇ ከእስር ቤቱ ስትወጣ ከሐዲ አትባልም። ሐኪም ልትሆን፣ መምህር ልትሆን፣ ዳኛ ልትሆን መብቷ ነው። ነገር ግን ከሦስት ነገር ነፃ አይደለችም። አንደኛ፣ በእናቷ እጅ ማፈር የለባትም፤ ያሳደጋት ያ እጅ ነውና። ሁለተኛ፣ ባትሠራው እንኳ ማወቅ ይገባታል፤ አፈሩ ከየት እንደሚቆፈር፣ ገሉ በምን ልክ እንደሚታሽ፣ እሳቱ መቼ እንደሚበቃ ከእናቷ አፍ ልትሰማ ይገባታል። ሦስተኛ፣ የሰማችውን ልትጽፈው ይገባታል። እናቷ ያላገኘችው ፊደል ለእርሷ ደርሷታልና፣ በባሕሩ ዳርቻ የነበሩት ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በእርሷ እጅ ሊገናኙ ይችላሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። ሙያተኛን የናቀ ሕዝብ ሙያው ሲጠፋ ሊያዝን የሚገባው በራሱ ነው። ዕዳውን ሳይከፍል «ቅርሳችን ጠፋ» ብሎ የሚያለቅስ ሰው፣ ሠራተኛውን ደመወዙን ከልክሎ ሲያበቃ «ለምን ጥሎኝ ሄደ?» ብሎ እንደሚከስ ጌታ ነው። ቅርስን በሙዚየም ማኖር መልካም ነው፤ ነገር ግን እንስራውን በመስታወት ውስጥ አስቀምጦ የሠራችውን ሴት በር ላይ ማቆም ቅርስ መጠበቅ አይባልም።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። ገበያ ወጥታችሁ ሸክላ ስትገዙ፣ በዕድሜዋ እናታችሁን የምታህለውን ሴት «አንቺ» አትበሏት፤ «አንቱ» በሏት። ለሳምንታት የደከመችበትን ዕቃ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ እስኪሆን ድረስ አትከራከሯት። ጓደኛችሁ ስለ አንድ ሰው ዘር «ጠይብ ነው፤ ቡዳ ነው» ብሎ በጆሯችሁ ሲያንሾካሹክ፣ ባትቆጡት እንኳ «እንዴት ዐወቅህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ብዙ ክፉ ነገር በአንድ ጥያቄ ፊት መቆም አይችልም። ልብ የወደዳትን ልጅ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት ብላችሁ አትተዉ። እናንተ የሸክላ ሠሪ ልጆችም የእናታችሁን ስም አትደብቁ። ምህንድስና የተማራችሁ ጢሱ ዓይኗን የማያጠፋ፣ እንጨቱም የማይባክን መተኮሻ ሥሩላት፤ ንግድ የተማራችሁ ጥሩ ገበያ ፈልጉላት፤ ጽሕፈት የምትወዱ ስሟን ጻፉ።

አዲስ ምጣድ ተገዝቶ በመጣበት ቀን እንጀራ አይጋገርበትም። አስቀድሞ በእሳት ይግላል፤ በጎመን ዘር እየታሸ ይሟሻል። ሳይሟሽ የተጋገረበት እንደ ሆነ እንጀራው ይጣበቃል። የሰው ልብም እንዲሁ ነው፤ ክብርን በአንድ ቀን አዋጅ አያወጣም፤ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ መታሸት አለበት። አባቶቻችን ጋን በጠጠር ይደገፋል ብለዋል። ጋን የተባለችው አገር ናት፤ ጠጠር ብለን የናቅናቸው ግን ጋኑን ራሱን የሠሩት ሰዎች ናቸው። ይህን ያወቀ ወጣት ከወላጆቹ መሬትም ገንዘብም ባይወርስ ድሀ አይደለም።